ጋሼ ስልካቸውን ያስቆለፉ ዕለት

ውድ እታለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበትሽ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ያስለቅስሻል? እማዬስ መነጽሯ ተሠራላት? ዝምተኛው ባልሽ በዚህ ወር ስንት ቃል ተናገረ? ልጅሽ፣ የኔ ቀጮስ እንዴት ናት? ሁላችሁም አንድ በአንድ ፊቴ ድቅን እያላችሁብኝ ነው የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱንም ሥራውንም ለምጃቸዋለሁ። ናፍቆታችሁን ግን አልለመድኩትም፤ ልለምደውም አልፈልግ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እንባዬ ቀደመኝ። ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። ባለፈው ሳምንት «ጠፍቷል። ቁርሷን በልታ ትምህርት ቤት ሄደች» ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት ቢሮ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። የጥበቃው ሰውዬ እንኳ አንብቦታል። ግን እታለም፣ የነገሩን ግማሽ ነው የምታውቂው። ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ታስታውሺ የለ? ቀጮ በትምህርት ቤቷ የስፖርት ቀን ርዝመት ስትዘል የተነሣችውን ፎቶ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ወስዶ፣ በስሟ የሐሰት ገጽ ከፍቶ፣ መሳለቂያ ጽፎበት ለቀቀው። በምሳ ሰዓት ደውለሽ «ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ትምህርት ቤት ሁለተኛ አልሄድም ትላለች» ስትዪኝ ደሜ ፈላ። የልጆች የእርዳታ ስልክ የማነሣው፣ ቀኑን ሙሉ የሰውን ወላጅ «ተረጋጉ» ስል የምውለው ሴትዮ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «ዘመድ የላትም መሰለው እንዴ? ሁላችሁም ግቡና ልኩን ንገሩት!» ብዬ አዋጅ አስነገርኩ።

ገባችሁም! አክስታችን ዳቦ ጋጋሪዋ «ልጃችን ቆንጆ ናት» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ ለጠፈችው። ልብስ ሰፊው አጎታችን፣ ጋሼ ደግሞ «ይህች የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት» ብለው የትምህርት ቤቷን ስም፣ ክፍሏን፣ የቤታችሁን መታጠፊያ ሳይቀር ዘረዘሩ። ያ አልበቃ ብሏቸው የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ጽፈው «ወንድ ከሆንክ ደውል» አሉ። እሱ አልደወለም። ሥራ ፈቱ ሁሉ ግን ደወለላቸው። ጠዋት አርባ ሰው ያየውን ፎቶ ማታ አራት ሺህ ሰው አየው። ገጹ እስኪዘጋ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፣ ቀጮም አሥራ አንድ ቀን ከቤት አልወጣች። እኛ «ይሄ ሰው ምን ዓይነት ጉልበት ቢኖረው ነው?» ስንል ከረምን።

ያን ሰሞን ነው ፎቶው የተለቀቀበት ኩባንያ ለቢሯችን ደብዳቤ የጻፈው። እነዚህ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ተጠቃሚው እንዳይጎዳ ምን መለወጥ እንዳለባቸው ደመወዝተኛቸው ያልሆነ ሰው ሰብስበው ይጠይቃሉ፤ ሐኪም፣ የሕግ ሰው፣ እንደኔ ያለችም ስልክ አንሺ። አዲስ ያሰቡትን ሳይለቁት በፊት ያሳዩናል፣ እኛ እንነቅፋለን፣ እነሱ ይጽፋሉ። ውሳኔው የራሳቸው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከምንለው ግማሹ ደብተራቸው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቢሯችን እኔን ላከኝ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ወንበሬ ፊት «ባለሙያ» የሚል ወረቀት ቆሞ አየሁና፣ ያ የሽንኩርት አከታተፌ ትዝ ብሎኝ፣ አንቺ አለማየትሽን አመሰገንኩ።

በዚያው ስብሰባ የኩባንያው መሐንዲስ፣ አንዲት ቀጠን ያለች ፈጣን ተናጋሪ ልጅ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል አብርታ «ከአንድ ፎቶ ሥር ብዙ ሰው ሲጽፍ ማሽኑ ሰው የወደደው ይመስለዋል። ስድብ ይሁን ምርቃት አይለይም፤ ለሌላ ሰው ያሳየዋል» አለች። እታለም፣ የያዝኩትን ውኃ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። ለካ ያ ሰው ጉልበት አልነበረውም። ጉልበቱ እኛ ነበርን! አዋጁን ያስነገርኩት ደግሞ እኔ!

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ለቀጮ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳትና «ስምሽን ሳልጠራ ታሪኩን ልንገራቸው ወይ?» አልኳት። «ንገሪያቸው፤ ግን ጋሼ እንዳይሳቅባቸው» አለችኝ። በሁለተኛው ስብሰባ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የምትቀመጠው የልጆች የአእምሮ ሐኪም መነጽሯን አውልቃ «እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው» አለች። ከዚያ ጥያቄዋን ወደ መሐንዲሷ አዞረች፦ አንድ ልጅ ተጎዳሁ ብሎ ሲያመለክት፣ የኩባንያው ሰው መርምሮ እስኪወስን ድረስ ፎቶው ለምን ይሰራጫል? እኔም ዘመድ ስለ ልጁ ሆኖ የሚያመለክትበት በር ይከፈት፤ «እባክዎ ከሥሩ አይጻፉ፣ ሲጽፉ ይሰራጫል» የሚል ቃልም ይለጠፍበት አልኩ። መሐንዲሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፦ «ሰው ተቆጥቶ ዝም አይልም» አለችኝ። «ምክንያቱ ከተነገራቸው የኔዎቹ ዝም ይላሉ» ብዬ በእናንተ ተወራረድኩ። አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ፣ በጋሼ ነገር እርግጠኛ አልነበርኩም።

ወራት አለፉ። በሩ ተከፈተ፣ ቃሉም ተለጠፈ። ባለፈው ሳምንት ያው ፎቶ በሌላ ገጽ ብቅ ሲል አንቺ ደውለሽ አላለቀስሽም፤ «አመልክቻለሁ፣ የተለጠፈውን ቃል ለሁሉም አንብቤ ዝም በሉ ብያለሁ» አልሽኝ። ያን ቀን ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ ከፎቶው ሥር የጋሼን ስም ስፈልግ ዋልኩ። የለም! ኋላ ነው ባለቤታቸው የነገረችኝ። «ጣቴ አያስችለውም፣ ቆልፊብኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጥተዋት፣ እሷም የልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ ቁልፉን ይዛ ጎረቤት ሄደች አሉ። እሳቸው ያን ከሰዓት አንድ ሱሪ ሁለት ጊዜ ሰፉ። ገጹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አናውቅም፣ ምናልባት ነገ ሌላ ይከፍት ይሆናል። ልጃችን ግን ቁርሷን በልታ ሄዳለች።

ለመሐንዲሷ መልእክትሽን ሳነብላት «ተበላሁ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ምስጋናው ግን የኔ አይደለም፤ አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ቀጮ ስሕተታችንን ሳታፍርበት እንድናገረው ስለፈቀደችልኝ፣ የማያውቁን የሰው ልጆች ተጠቅመውበታል። እግራችሁ ሥር ወድቄ አመሰግናለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤተሰቡ ጠቀመ በይልኝ። አክስታችንን አሥራ አንድ ጊዜ ሰላም በያት። ጋሼን ከወንበራቸው ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ለቀጮ ደግሞ አደራ፦ ያንኑ የዝላይ ፎቶ፣ አፏን ከፍታ ፀጉሯ የተበተነበትን፣ በወረቀት አሳትማ ትላክልኝ። አልጋዬ ፊት ለፊት ልሰቅለው ነው። እዚያ አስተያየት የምሰጥበት እኔ ብቻ ነኝ፤ በየጠዋቱ «እሰይ የኔ ቀጮ፣ ዝለይ!» እላታለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከመስኮቴ ሥር ካለችው ጠረጴዛ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 15 ቀን