ጭልፋ የሚወስድ እንግዳ

ጥር 9

እንግዶቹ ወጡ። አንሶላ ቀየርኩ፣ ወለል ወለወልኩ፣ ፍሪጅ ውስጥ ትተውት የሄዱትን ግማሽ ሎሚ ጣልኩ። እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስከፍት… ጭልፋው የለም።

ጭልፋ! ሐይቅ ሊያይ የመጣ ሰው ጭልፋ ምን ያደርግለታል? ከካልሲው ጋር ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ከተተው? ምድጃ ሥር አየሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር በረበርኩ። የለም።

ባለፈው ሳምንት የጨው ዕቃው ሄደ። ከነጨው። ከዚያ በፊት ትልቁ ፎጣ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እኔና እማዬ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ገብተን ትልቁን ቤት ለዕረፍት ለሚመጣ ሰው ስናከራይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ዘንድሮ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚመጣው?

እኔ ቀን ቀን መነጽር ቤት ሥራ ላይ ነኝ። እንግዳ የምትሸኘው፣ ቁልፍ የምትቀበለው እማዬ ናት። "ሲወጡ ምን ይዘው ነበር?" አልኳት። "ሻንጣ" አለችኝ። እግዜር ያሳያችሁ… "ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጉንጬን ስመውኝ ነው የሄዱት።" እሷ ዘንድ የሳመ ሁሉ ጨዋ ነው።

ከሰዓት ወንድምጋሼ ደወለ። ልብስ እያጣጠፍኩ ስለነበር በስፒከር አወራሁት። ባለፈው ወር እማዬ የበረንዳው ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ ዘፈኑ አንድ ነው፤ ቤቱ ይሸጥ። ጭልፋውን ስነግረው ደግሞ ባሰበት። "አየሽ? እየገፈፏችሁ ነው። እስከ ሚያዝያ እንይና እንሸጠዋለን፤ እማዬ እኔ ጋ ትመጣለች።" እሱ ጋ ማለት ስድስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ሲያሻው የሚሠራ።

ምን ብዬ ልከራከረው? ቤቱ እየተራቆተ በሄደ ቁጥር እሱ ልክ እየሆነ ነው። ለእማዬ ገና አልነገርናትም። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ደግነቱ አልሰማችም።

ጥር 17

ሰማያዊዎቹ ኩባያዎች! ከስድስቱ ሁለቱ የሉም።

ይዘው የሄዱት ዛሬ የወጡት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ እጅ ለእጅ ካልተያያዙ መራመድ የማይችሉት። ለካ ሌላው እጃቸው ሥራ ላይ ነበር።

እማዬ ስነግራት ምንም አልመሰላትም። "አዲስ ተጋቢዎች እኮ ናቸው" አለች፤ ይሄ ምክንያት የሆነ ይመስል። "ዕቃ ነው፣ ይተካል።" ይተካል! ተኪዋ እኔ ነኛ።

ጥር 19

ጽሑፍ አዘጋጅቼ ሳሎኑ በር ላይ ለጠፍኩ። በትልልቁ፦ "ክቡራን እንግዶች፣ የቤቱን ዕቃ ይዞ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ… ቢሆንም ለሚቀጥለው ይሁን።

እማዬ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። "ሰው ገና እግሩን ሳያስገባ ሌባ ይባላል?" "ማንንም ሌባ አላልኩም።" "ታዲያ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?" ፕላስተሩን ጫን ጫን አደረግኩት።

የካቲት 2

ጽሑፉን ወሰዱት።

ጽሑፉን ራሱን! ፕላስተሩ ሳይቀር ተልጦ። አሁንስ በቃኝ። የእጅ አመል አለባቸው ብዬ ነበር፤ ይሄ ግን አመል አይደለም፣ ንቀት ነው።

የካቲት 6

ጎረቤታችን አናጢው መጣ። የእንጨት ማማሰያዎቹን በጋለ ብረት ምልክት አደረገባቸው፤ ትንሽ የቤት ቅርጽ። "አሁን ማን ደፍሮ ይወስዳል?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንቺ ፈገግታ አብዝተሽ ነው" አለኝ። እኔ? ፈገግታ?

የሻይ ማንቆርቆሪያውንም በሰንሰለት ከምድጃው ጋር አሰርነው። ሐሳቡ የእሱ ነው። ያን ጊዜ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

የካቲት 11

ቤቱን የተከራየው እንግዳ በስልክ ጻፈልኝ፦ "ማንቆርቆሪያው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው? ሰንሰለቱ አጥሮብን ሻይ ተጎንብሰን ነው የምንቀዳው።"

ፈታሁት። ከማማሰያዎቹ ደግሞ አንዱ የለም። ምልክቱ አምሮበት ይሆናል።

የካቲት 15

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እንግዶቹን ራሴ ሸኘሁ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር። በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆምኩ። የሴትየዋ ቦርሳ ዚፕ ስላልተዘጋ አንገቴን አስግጌ ውስጡን አየሁ… አየችኝ። ፊቷ ቀላ። የእኔም።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ አንድ እጇን ከሹራቧ ሥር አላወጣችም። በርዷት መሰለኝ። በሌላው እጇ ልጆቹን አቅፋ ሳመችና ገባች።

ዕቃ አልጎደለም! አንድም! ይኸው፣ ነገሩ ቁጥጥር ነው። እማዬ ግን አኮረፈች። ምሳም ብቻዋን በላች። "እንዲህ ተደርጎ ሰው ይሸኛል?"

የካቲት 24



ከሥራ ስገባ የሳሎኑ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሬዲዮኑ የለም። የአባዬ ሬዲዮ! ፎጣም ይሂድ፣ ጭልፋም ይሂድ… ያ ሬዲዮ ግን አባዬ ዜና ሲሰማ ማናችንንም ጸጥ የሚያሰኝበት ነው። እማዬ ናት ሳሎን ይቀመጥ ያለችው። "ቤቱ ያለ እሱ አያምርም" ብላ።

ዛሬ የወጣው እንግዳ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ብቻውን የመጣ፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ። በሱ ተስፋ አድርጌ ነበር እኮ! ስልክ መታሁለት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? የሞተ ሰው ሬዲዮ ይሰረቃል? ሌባ!"

አልኩት። ሌባ አልኩት።

የመኪና ጥሩንባ ከሩቅ ይሰማኛል። ከዚያ በቀስታ፣ "ልጄ… እናትሽን ጠይቂያት" አለኝ። "ይመለስ ካላችሁ እመልሳለሁ። እናትሽን ግን አትቆጫት።" ዘጋው።

እማዬ ጓሮ ካሮት እየላጠች ነበር።

"ሬዲዮኑን ለሰውዬው ሰጠሽው?"

"አዎ።" ቀና እንኳ አላለችም።

"ጭልፋውንስ?"

"ለዚያች ቀጭኗ ልጅ። ሾርባዬን ወዳ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። በምን ትጨልፈው?"

"ኩባያዎቹስ?"

"አዲስ ተጋቢዎች ናቸው አልኩሽ እኮ።"

"የጨው ዕቃው? ከነጨው?"

"ባዶ ዕቃ ይሰጣል እንዴ?"

"ጽሑፉስ እማዬ?"

"እሱን አልሰጠሁም። አፍሬ ነው ያነሳሁት።"

ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቷል። የሰው ቦርሳ ውስጥ አንገቴን ሳስገባ፣ ማንቆርቆሪያ ሳስር፣ መንገደኛው ሁሉ ሌባ ሲመስለኝ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ? ለምን? ለምንድን ነው?

ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ስድስተኛ ፎቅ ላይ የት ላስቀምጠው?"

ለካ ከወንድምጋሼ ጋር በስፒከር ሳወራ ተኝታ አልነበረም። አንድም ቀን። "ዓይኔን ነው የጨፈንኩት" አለችኝ። "እኔ ለመሄድ ተነስቻለሁ፤ እናንተ ከወሰናችሁ ምን እላለሁ። ግን ዕቃዬ በጆንያ ታስሮ ገበያ ሲወጣ ከማይ፣ ወዶ ለሚይዘው በእጄ ልስጠው ብዬ ነው።"

"የአባዬን ሬዲዮ ግን…"

"ሰውዬው ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚሰማው። እንደ አባትሽ።"

አንጀቴን በላችው። ካሮቱን ተቀብያት መላጥ ጀመርኩ። እያለቀስኩ። በካሮት የሚለቀስ ይመስል።

የካቲት 25

ከአፍ ከወጣ አፋፍ… ለሾፌሩ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ይቅርታ አልኩት። ሳቀ። "ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ስኖር ከዚህ የባሰ ተሰድቤያለሁ" አለኝ። ሬዲዮኑን ያቆዩት፣ ከእናቴ የተሰጠዎት ነው አልኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለወንድምጋሼም ደወልኩ። በስፒከር አይደለም። "ና" አልኩት። "ምን ጠፋ ደግሞ?" አለኝ።

መጋቢት 1

ወንድምጋሼ መጣ። መደርደሪያውን አየ፣ መሳቢያውን ከፈተ። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የጨው ዕቃው ላይ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነው። "ብትወድቂስ? እሷ ቀን ቤት የለችም። ማን ያነሳሻል?" አላት።

"የወደቅኩት ደረጃው ስለተሰበረ ነው" አለችው እማዬ። "እሱ ይጠገን እንጂ እኔ ልጠገን?"

"እኔ ጋ መምጣት አትፈልጊም?"

"እመጣለሁ እንጂ። ልጠይቅህ። ጠይቄህ እመለሳለሁ።"

ወንድምጋሼ አንገቱን ደፋ። "እኛ እኮ አልጠየቅናትም" አለኝ፣ እኔን እያየ። እውነቱን ነው። እኔ ለእሷ ስከራከር የከረምኩ መስሎኝ ነበር። ከሷ በቀር ከሁሉም ጋር ነው የተነጋገርኩት። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስለካ እውላለሁ፣ አጠገቤ ዓይኗን የጨፈነች እናቴን አላየሁም።

"በቃ፣ አንቺ እያለሽ አይሸጥም" አላት።

"ስሞትስ?"

"እማዬ!"

"ስሞት እንደፈለጋችሁ። ያኔ አልወድቅም።"

መጋቢት 6

አናጢው ደረጃውን አደሰ። የእጅ መደገፊያም ሠራለት። እማዬ ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። እጇን በመደገፊያው ላይ አንሸራተተችና "ለስላሳ ነው" አለች። ከዚያ እዚያው ቆማ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፦

"እንግዲህ ሬዲዮኑን አስመልሺልኛ።"

ምን?!

"የምሄድ መስሎኝ ነዋ የሰጠሁት። ካልሄድኩ ምን ልሰማ?"

ሰውየውን ሌባ ብዬዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ያቆዩት ብዬዋለሁ። አሁን ደግሞ አምጣ ልበለው? "አልደውልም" አልኳት። "ከፈለግሽ ራስሽ ደውዪ።"

ደወለች። በደቂቃ ውስጥ ጨረሱ። እየተሳሳቁ።

መጋቢት 10

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ይዞ መጣ። አዲስ ባትሪ ገዝቶለታል። ፊቱን ማየት አፍሬ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። ተከትሎኝ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ እኔ መጀመሪያውኑ በአደራ ነው የያዝኩት። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ሲከፋው ነው። ሲሻላት ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።"

አንድ ቀን ያያት ሰው። እኔ አብሬያት እየኖርኩ… ተቃጠልኩ፣ በራሴ። ማንቆርቆሪያው ላይ የቀረውን የሰንሰለት ቁራጭ አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ረጅም ታሪክ ነው አልኩት።

በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዜና ሰሙ። ሁለቱም ጆሯቸውን አስጠግተው። ሊሄድ ሲል እማዬ ዘወር ዘወር አለች፣ ምን ልስጠው እያለች። ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያውን ይዛ እስከ በር ሸኘችው። በባዶ እጁ ሄደ።

መጋቢት 21

ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ወገቧን ይዛ ጠበቀችኝ። እግዜር ያውቃል፣ የወደቀች መስሎኝ ሮጥኩ።

"ማንኪያ ጎድሏል!"

"ምን?"

"የሻይ ማንኪያ! ዛሬ የወጡት፣ እነዚያ ዘፋኞቹ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ይሄ ምን ዓይነት ዓይን ያወጣ ነው? ጠይቀውኝ ቢሆን ምን አለ?"

"ሰጥተሽ ረስተሽ ይሆናል።"

"እኔ? ማንኪያዬን? ምን በወጣኝ!"

"ዕቃ ነው እማዬ፣ ይተካል።"

ያየችኝን አስተያየት አልጽፈውም። ቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጣዋለች። ምድጃውን አስጎትታኛለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ድምፅዋ እስከ አናጢው ግቢ ይሰማል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ምድጃው ሥር ስናጣው ወደ ክፍሏ ገባች። ፍራሿን አንስታ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የኔ ጽሑፍ! ከነፕላስተሩ።

"ለጥፊው" አለችኝ። "ቀድሞ የነበረበት አይደለም፣ ከፍ አድርገሽ። ሲገቡ የሚታያቸው ቦታ።"

ለጠፍኩት። አልበቃትም። እስክሪብቶ አስመጣችኝና፣ ከታች "በተለይ ማንኪያ" የሚል አስጻፈችኝ።