ስላልተናፈሰው አንጀቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ሆድዎም በየዕለቱ ሳያስቸግር የሚታዘዝልዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ትርፍ አንጀቴን እዚህ ያስወጣሁ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ምስጋናዬ በሆዴ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሐኪምዎ ጨዋነት አመሰግናለሁ። የድሮ ተማሪዬ ስለሆነ በግልጽ መጠየቅ አፍሮ፣ በቀዶ ሕክምናው ማግስት «መምህር፣ ተናፈሱ?» አለኝ። እኔም ልጄ ደግፋኝ በረንዳ ላይ ደህና አድርጌ መናፈሴን ነገርኩት። ደስ ብሎት ምግብ አዘዘልኝ። ሆዱ የተቀደደ ሰው አንጀቱ እንደሚተኛ፣ መንቃቱም በሚወጣው አየር እንደሚታወቅ የነገረኝ ስላልነበረ፣ የቀረበልኝን ሾርባ ጥርግ አድርጌ ጠጣሁ። ከዚያማ ሆዴ ተነፍቶ የሸሚዜ ቁልፎች አልገጥም አሉ፤ የገባው ሁሉ በመጣበት ተመለሰ፤ በአፍንጫዬም ቱቦ ገባ።

ሁለተኛ፣ ጨዋነቱ ሲያልቅ ስለመጣው ግልጽነት። አንጀቴ ካልተከፈተ ሆዴ ዳግም እንደሚከፈት ከተነገረኝ በኋላ፣ ሐኪሞችዎ ከነተማሪዎቻቸው አልጋዬን ከበው፣ ጠያቂ በሞላበት ክፍል «መምህር፣ ፈስተዋል?» ይሉኝ ጀመር። ይህ ግሥ በአንቱታ ሲረባ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነውና ለቋንቋችን ዕድገት ስላደረጋችሁት አስተዋጽኦ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቅር ያለኝ የልጄ አማት በዚያ ሰዓት ከግርጌዬ መቀመጣቸው ብቻ ነው።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የተጠበቀው ነገር በመጨረሻ በመጣ ጊዜ ልጄ እልል አለች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ አማቷም «እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። መዳኔ ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። አፈርኩ፣ ጌታዬ። አሁንም ልጄን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንድ ሰው አስቀድሞ ጠጋ ብሎ የ«ተናፈሱ»ን ትርጉም ቢነግረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ በእኔና በሐኪሜ መካከል ይቀር ነበር።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ልሰናበትዎ በወደድኩ፤ ስፌቱ ግን አልፈቀደልኝም።

ስሜን እንዳልጽፍ በልጄ የተለመንኩ፣
ታዛዥዎ ታካሚ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሆዳቸው የተቀደደ፣ ከአጠገቤ የተኙ አዛውንት ዛሬ ጠዋት «ተናፈሱ?» ተብለው ተጠየቁ። «ይመስገን» አሉ። ምግብ ታዝዞላቸዋል። ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ስለተቀመጡ አፈርኩ። እባክዎ እርስዎ ይፍጠኑ።