ወደ ላይ የተቀሰረች ጣት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ነዚማ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የጋሼ ዛሂር ሳልስ ለቀቃቸው? እኔና ልጄ ሺፋና፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ዒድን በሰላም ዋልን። ጠዋት ከሶላት በኋላ የሰኪናን መቃብር ዘይረን ዱዓ አደረግንላት። ባለቤቴ ካለፈች ወዲህ ዒድ ሲመጣ ቤቱ ይሰፋብኛል።

ለሺፋና እዚያው አንቺ ዘንድ፣ ዋና ከተማው ማሌ፣ የመርከብ ዕቃ ቢሮ ውስጥ ሥራ እንዳገኘሽላትና ሰዎቹ በዚህ ወር መልስ እንደሚፈልጉ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ንቄው አይደለም። እንዲያውም ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ እንግዶችን ባሕር ውስጥ ይዛ መጥለቅ ከጀመረች አንስቶ ሆዴ አርፎ አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቱና ዓሣ ሳጠምድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባሕር ለእኔ ከላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ከሥሩ የሚወጣ ሰው ካየሁ ያየሁት ሬሳው በሰው ሸክም ሲወጣ ነው። ግን ደግሞ፣ ያላየሁትን ነገር እንዴት አድርጌ እፈርድበታለሁ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

በዒድ ዕረፍት፣ ሺፋና የምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ የሠራተኞቹን ቤተሰብ ሰው ወደማይኖርባት ደሴት ወደ ማስፊኖልሁ ለሽርሽር ወሰደን። ቁርሳችንን ዓሣ በኮኮናት ከቂጣ ጋር በልተን ሳንጨርስ ሺፋና የአየር ሲሊንደር አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። “አባባ፣ ዛሬ አንተም እንግዳ ነህ። ትወርዳለህ” አለችኝ። ጀልባ ነጂው ማኒኩ፣ ያ አብሮ አደጌ፣ ምላሱን ታውቂው የለ፣ አፉን የሚያቀላውን ቅጠሉን እያኘከ “ተይው ልጄ፣ ዓሦቹ ሲያዩት ‘ዘመዶቻችንን የት አደረስካቸው?’ ብለው ይይዙታል” አለና ሰዉን አሳቀብኝ። አፍሬም፣ እውነቱን ለመናገር ጓጉቼም፣ እሺ አልኩ።

አብሯት የሚሠራው ኒሮሻን የሚባል የስሪላንካ ሰው የጣት ቋንቋ አስተማረኝ። ከውኃ በታች አውራ ጣት ማንሳት “ጥሩ ነው” ማለት ሳይሆን “ልውጣ” ማለት ነው። ሪዜም ከመነጽሩ ሥር ውኃ ስለሚያስገባ ብላጨው እንደሚሻል መከረኝ። ማኒኩ ቀበል አድርጎ “ሪዙን ከሚላጭ ባሕሩን ብታደርቁለት ይቀላል” አለ።

ቢስሚላህ ብዬ ወረድኩ። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! የሚሰማኝ የገዛ ትንፋሼ ብቻ ነበር፤ የሰው ትንፋሽ ይህን ያህል እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ቀዩ ካናቴራዬ ከውኃው በታች ቀለሙ ጠፍቶ ጭቃ መሰለ። ከጀልባ ላይ በቅርጫት እየዛቅን ለማጥመጃ የምንበትናቸው ደቃቆቹ ዓሦች እንደ ደመና መጥተው ለሁለት ተከፈሉና አሳለፉኝ። አንዱ ሰማያዊ ዓሣ ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ እንደ ቆሎ ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማል! ዞር ብሎም አየኝ። ዓሣን የማውቀው ሲንፈራገጥ ነው፤ ፊት እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰኪና ብትኖር ስንቱን ትጠይቀኝ ነበር እያልኩ፣ ለእሷ የምነግራትን ስሰበስብ ራሴን ያዝኩት።

በዚህ መሐል መነጽሬ ውኃ ሞላ። ዓይኔ ተቃጠለ፤ የተማርኩት የጣት ቋንቋ ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ቀኔ ደረሰ አልኩ። ሸሃዳ፣ የመጨረሻውን የምስክርነት ቃል፣ እንዳልል አፌ በመተንፈሻው ተይዟል። እንግዲያውስ ጣቴ ትመስክርልኝ ብዬ አመልካች ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። አጠገቤ የነበረው ኒሮሻን አንድ ነገር ያሳየሁት መስሎት አንጋጦ ይፈልጋል አሉ። ሺፋና ግን ከወዲያ ሆና አየችኝ። መጥታ ጣቴን ያዘችና ቀስ አድርጋ መልሳ አጠፈቻት፤ ልክ “ገና ነው” እንደማለት። ትንፋሼ እስኪረጋ መዳፏን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ የመነጽሩን አናት በእጄ አስጫነችኝና በአፍንጫዬ እንድተነፍስ አሳየችኝ። ውኃው ወጣ። አየሁ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ መሳለቂያ ሆንኩ። ኒሮሻን “ሻርክ ያሳየኸኝ መስሎኝ አንገቴ ተቀጨ” ይላል። ሺፋና “እሱ ያየው የሞትን መልአክ ነው” ትላለች። ማኒኩማ “ሰውየው ተጣጥቦ፣ ቃሉን ይዞ፣ ጀነት በር ላይ ደርሶ ነው እንዴ የመለሳችሁት? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!” ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ስንመለስ ከልጄ ጎን ተቀምጬ አሰብኩ። ያቺን ጣት ያነበበችው ከእኛ ቤት ስላደገች፣ እናቷም በሞት አልጋዋ ላይ እንዲሁ ጣቷን ስትቀስር ስላየች ነው፤ የተረጋጋችው ግን ሥራዋን ስለምታውቅ ነው። “ከፈለግሽ እዚሁ ቅሪ” አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና “ለእኔ ብለህ ነው፣ አባባ፣ ወይስ ብቻህን መብላት ፈርተህ?” አለችኝ። ውስጤን ፈተሽኩት። “ገና አልለየሁትም” አልኩ። “እኔ ለይቻለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንተ ብቻህን ባትሆንም እቀር ነበር” አለች። ትንሽ ከፋኝ፣ ወዲያው ግን ቀለለኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ መልሳችን ይኸው ነው። ልፋትሽን አላህ ይመንዳልሽ፤ ሰዎቹን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ አንቺም አትቀየሚን።

ለጋሼ ዛሂር አክብሮቴን አድርሺልኝ። ናሺድንና ባለቤቱን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ሊናን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ ወይዘሮ ሻሚማንም ሰላም በይልኝ። ሺፋና በራሷ እጅ ሰላምታ እንዳትጨምር፣ ጠዋት እንግዶች ይዛ ወጥታለች። እስክትመለስ ድረስ ዓይኔን ከባሕሩ ላይ መንቀል አልችልም፤ ይህ የሚለቀኝም አይመስለኝም። አሁን ግን ከሥሩ ምን እያየች እንደሆነ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ሁሴን ዲዲ
ሁቫዱ፣ ጋዱ ደሴት
ሸዋል 9 ቀን