ስለ ሆዳችን ለተጨነቁልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የማይቋረጥ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ ሆድዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእኛን ከጠየቁ፣ ከመጸዳጃ ቤት በር ብዙም እስካልራቅን ድረስ ደህና ሰንብተናል፤ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ የታችኛው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉሩን ሊቆረጥ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ሆዱ ሲያጫውተኝ ስለከረመ፣ ምስጋናችንን እንዳደርስልዎ ጎረቤቶቼ መርጠውኛል።

አንደኛ፣ ስለ ተመራማሪዋ እናመሰግናለን። በእርግጥ የላካት ጤና ቢሮ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ባይኖሩ ሥራ ፈትታ ትቀመጥ ነበር። ሰፈሩ በተቅማጥ ሲታመስ ትናንሽ ብልቃጦቿን ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ምን እንደበላን፣ ከየት እንደጠጣን፣ ስንቴ እንደወጣን ያለ ኀፍረት ጠየቀችን። መጀመሪያ ሳቅንባት፤ «ሆድ አዋቂ» የሚል ስምም አወጣንላት። ባለቤቴ ግን ለእኔ እንኳ ነግራኝ የማታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችላት። ጥቂት እንደሰነበተች አንድ ነገር አስተዋለች፦ ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ከእኛው ጋር ከአንድ ገበያ እየገዙ፣ በአንድ ምግብ ቤት እየበሉ ጤነኞች ናቸው፤ ውሃ የሚቀዱት ግን ከሌላ መስመር ነው። የእኛ መስመር የሚያልፈው ከሕዝብ መጸዳጃው ጀርባ፣ ከፍሳሽ ቱቦው ጋር ተጎራብቶ ነው። «በሽታው ከእጃችሁ ሳይሆን ከቧንቧችሁ ነው» አለችን፤ የምርመራውም ውጤት ቃሏን አጸናላት።

ሁለተኛ፣ ግኝቷን ስታቀርብልዎ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ እናመሰግናለን። እሷ ይቆፈር ስትል እርስዎ ስብሰባ ጠሩ። ችግሩ የኅብረተሰቡ እጅ አለመታጠብ መሆኑን በሰፊው አስረድተውን፣ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ባለቀለም ማስታወቂያ በየቧንቧው አስለጠፉልን። ውሃ በማይመጣባቸው ቀናት እሱን ስናነብ ውለናል። ተመራማሪዋን ደግሞ ሕዝብ ታሸብራለች ብለው ለአለቆቿ ስላመለከቱ፣ ወደ ሩቅ ጣቢያ ተዛውራ የወባ አጎበር እንድትቆጥር ተደረገ። አንጀት ስታጠና ለኖረች ሴት ከአጎበር ሥር የተሻለ ምን ማረፊያ አለ?

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ከሱቄ ጎን የምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ ተመራማሪዋ በተዛወረች በሳምንቱ እናቷን ቀበረች። ስለ ሞታቸው ያወጡት መግለጫ «በዕድሜ ምክንያት» ይላል። እውነት ነው፣ እማማ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ይሁን እንጂ ዕድሜ ሰውን በሁለት ቀን እንደ ቅጠል አድርቆ ሲወስድ ያየነው በእርስዎ ዘመን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ውሃ መስጠት ፈርታ በደረቅ ጉሮሮ ሸኘችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ምክንያቱን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።

እንግዲህ ቁጥሩን ትቼ ወንጀላችንን ልንገርዎ። ከቀብር መልስ አካፋና ዶማ ይዘን፣ የሰፈራችንን የቧንቧ ሠራተኛ አስቀድመን፣ ተመራማሪዋ ሳትሄድ ባመለከተችን ቦታ ያለ እርስዎ ፈቃድ ቆፈርን። ቧንቧው ተሰንጥቆ፣ ፍሳሽ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየችና «እናቴን ከዚህ ነው ያጠጣኋት?» አለች። የቧንቧ ሠራተኛው መጋዙን አንስቶ መቁረጥ ጀመረ። ቱቦው ከተለወጠ ወዲህ አዲስ ታማሚ አልተሰማም፤ በእኔም ወንበር ላይ ወሬው ወደ ኳስ ተመልሷል። ይህን ሕገ ወጥ ጤንነታችንን በተለመደው ሆደ ሰፊነትዎ ይቅር እንዲሉን እንለምናለን።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ በዚህ ጊዜስ ከቁርጠት ሳይሆን ከትሕትና፣

የታችኛው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ
ስለ ጎረቤቶቹ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ «በራሱ ጥረት ያስጠገነውን» መስመር በመጪው ሳምንት መርቀው እንደሚከፍቱ ሰምተን ደስ ብሎናል። ሪባኑን እኛው አዘጋጅተናል፤ መቀሱን ግን ለተመራማሪዋ አስቀምጠንላታል፤ ፈቃድ ጠይቃ እየመጣች ነው። የተሰነጠቀውን ቱቦ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ እንዳለ፣ ሳይታጠብ፣ ከፊተኛው ረድፍ የክብር ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች። ለእርስዎ ከጎኑ ቦታ ይዘንልዎታል።