ከሞተሩ ስር የተገኘው ቀበቶ

ተነሳች። መሰርሰሪያ ማሽንህ ተነሳች፣ ጌትዬ። ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማብሪያውን ስጫነው መጀመሪያ ማጉረምረም ቢጤ አለች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ዞረች። ድምጿ እንዲያውም ከድሮው ለስለስ ብሏል። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፣ ወሬው አምልጦኝ ነው። እንደምን አለህልኝ? ያለህበት ቦታ እንደዚህ ተብሎ ይጠየቅ አይጠየቅ አላውቅም፣ እኔ ግን ለምዶብኝ እጠይቅሃለሁ። ከቀበርንህ እኮ ዓመት ከሰባት ወር ሆነን።

የቤቱን ልንገርህ። አሁንም እዚያው ሳውዝ ሲ ሰፈር ነን። ሜሮን ልጃችን ኪሊማኒ ሰፈር ሥራ ይዛለች። የማታቱ ታክሲ ግፊያ ሰልችቶኛል፣ መኪና ካልገዛሁ ትላለች፣ ትንሽ ትቆይ ብያለሁ። የጓሮውን ጋራዥ ግን ካንተ በኋላ የከፈተው አልነበረም። ያለፈው ዓመት ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ ያለበስካት ሸራ ላይ ሲጠራቀም ከርሞ፣ መሰርሰሪያዋን ዝገት በዝገት አደረጋት። እጀታዋ ንቅንቅ አይልም። እውነቱን ልንገርህና ሳያት ብዙም አላዘንኩም። ያ ህንዳዊ ሽማግሌ ሱቁን ዘግቶ ሲሸጥልህ፣ አራት ሰው ተሸክሟት ስትገባ ከፊት ከፊት እየሄድክ "ቀስ፣ ቀስ፣ ደረጃ አለ" ስትል የነበረው ትዝ ይልሃል? እኔን በሙሽርነቴ ወደዚህ ቤት ስታስገባኝ ያንን ደረጃ የነገረኝ አልነበረም፣ ወድቄበታለሁ።

ግን እሷስ ብረት ናት። እኔ ያልቻልኩት ንጄሪን ነው። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ካነበበው እንዳይደናገር፣ ንጄሪ ማለት ዘጠኝ ዓመት ካንተ ጋር በዚያ ጋራዥ ብረት ስትቆርጥና ስትበይድ የኖረች ሴት ናት። አንተን ፉንዲ ትልሃለች፣ ባለሙያው ማለቷ ነው፤ እኔን ማማ ሜሮን። ለምግብ ቤቶቹ የሠራችኋቸው ጠረጴዛዎች ሁሉ የእናንተ የሁለታችሁ ናቸው። እኔ ከቤት መስኮት ሆኜ ሁለት ጀርባ ነበር የማየው።

ጾሙ ሊገባ ሲል መጣችና መሰርሰሪያዋን ሽጪልኝ፣ ያለሷ ሥራ አልወጣልኝም አለችኝ። ለቆራሌው ቃል ገብቻለሁ አልኳት። ውሸቴን ነበር። እሷ እጅ ከምትገባ ተሰባብራ በኪሎ ትሂድ የሚል ክፋት አድሮብኝ፣ ውሸቴን እውነት ላደርገው በማግስቱ ቆራሌውን ደወልኩለት። ንጄሪ ግን ችክ ናት፣ ታውቃታለህ። "ማማ ሜሮን፣ ፈትቼ ልያት። የማትድን ከሆነች ራሴ ጭኜ አስረክብልሻለሁ።" እሺ፣ ግን እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ አልኳት። ልክ እንደ ፖሊስ።

በየቅዳሜው መጣች። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወንበሬ ላይ እጄን አጣጥፌ ዋልኩ። ሁለተኛው ላይ እጄን በላኝና የሽቦ ብሩሹን አነሳሁ። የተጣበቀውን በነጭ ጋዝ እየዘፈዘፍን አሳደርነው፣ ቡሎንና ዳዶውን በፈታነው ተራ እንቁላል ትሪ ላይ ደረደርን፣ እኔ ስንገጥም እንዳንሳሳት ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ኩሽኔታው አልቆ ነበር፣ ተለወጠ። ቀለሙን ስንፍቀው ግራጫው ስር አረንጓዴ ወጣ። ግራጫው የውጭ በራችን ቀለም ነው። በሩን አንዴ ቀብተህ "ቀለሙ አለቀ" ያልከኝ እኮ ነህ። ማሽኗ ላይ ግን ሁለት እጅ ተቀብቷል፣ ቆጥሬዋለሁ።

እየሠራን ታወራለች። ፉንዲ ሻይ ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው አለች። ቤት ሦስት ማንኪያ ነበር የምትጨምረው። ፉንዲ ሲሰረስር ይዘፍን ነበር አለች፣ አንጎራጎረችልኝም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ቀን ስትዘፍን ሰምቼህ አላውቅም፣ ጌታቸው። ያን ዕለት ራስ ምታት አለብኝ ብዬ በጊዜ ሸኘኋት።

ስድስተኛው ቅዳሜ ሞተሩን አወረድነው። ከስሩ፣ በአራቱም እግሮቹ በኩል፣ አራት የቆዳ ቁራጭ ተነጥፏል። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። አንዱን በጨርቅ ስወለውለው ዳሩ ላይ ነጭ ስፌት ወጣ። ያንን ስፌት በጨለማም አውቀዋለሁ። ለሜሮን ምርቃት እንድትታጠቀው፣ ኢስሊ ገበያ ያለው ነጋዴ ከሞያሌ ሲመጣ አደራ ብዬ ያስመጣሁልህ ቀበቶ ነው።

የምርቃቱ ቀን ትዝ ይልሃል? ሱሪህን በሲባጎ አስረህ ኮትህን ቆልፈህ መጣህ። ቀበቶውስ ስልህ ጠፋ አልክ። ወንድ ልጅ ቀበቶው ሲጠፋው የት ፈቶት ነው? ሦስት ሳምንት አልጋህን ትቼ ከሜሮን ጋር ተኛሁ። ማንን እንደጠረጠርኩ ላንተም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ከጎኔ ተቀምጣ መፍቻ የምትጠርገዋን ነው የጠረጠርኩት።

ቁራጩን ይዤ ስቀር ንጄሪ አየችኝና መፍቻውን አስቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ማሽኗ ስትንቀጠቀጥ ጎረቤት ለቤቱ ባለቤት ከሶ፣ ድምጿን ዛሬ ካላስቆማችሁ ጋራዡን ልቀቁ ተብላችኋል። ንቅናቄዋን እንዲያበርድ ከሞተሩ ስር የሚነጠፍ ቆዳ ጠፋ፣ አንተ ወገብህን ዳሰስክ። "ንገራት፣ ትስቃለች አልኩት" አለችኝ። "ቆራረጥኩት ከምላት ጠፋ ብላት ይሻላል አለ። በጣም ይፈራሽ ነበር።" ከዚያ ዝቅ ብላ ብሩሿን እያየች፣ "ያን ሰሞን ነው የኔ ምሳ የቀረው" አለች።

ለሁለታችሁ ነበር እኮ ምሳ የምቋጥርልህ። ከቀበቶው በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ መቋጠር ጀመርኩ። ምን አጥፍቼ ነው ብላ ስትጠይቅህ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃንህን እኩል ታካፍላት ነበር አለችኝ። ዓመታት ሙሉ። እሷን የቀጣሁ መስሎኝ በግማሽ ሆድህ የምትውለው አንተ ነበርክ። ማታ ስትገባ ለምን እንደዚያ ትበላ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ "የት ስትሮጥ ዋልክ" እያልኩ እጨምርልህ ነበር።

ይቅርታ ልላት አስቤ አፌ እንቢ አለኝ። ገብቼ ምስር ወጡን በትልቁ ሰሃን ይዤላት ወጣሁ። ጠርጋ በላችው። ለቆራሌውም ደውዬ አትምጣ አልኩት።

ስንገጥማት አንዱን ቁራጭ ለራሴ አስቀረሁት። ሞተሩ በሦስት እግሩ አይቆምማ፣ ንጄሪ ችግር የለም ብላ የራሷን ቀበቶ መፍታት ጀመረች። ተይ አልኳት። ያንተና የሷ ቀበቶ ከአንድ ሞተር ስር አብረው ሲኖሩ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል? ሮጥ ብዬ ገብቼ የጥቁሩን የእጅ ቦርሳዬን ማንገቻ በመቀስ ቆርጬ መጣሁ። ንጄሪ እስክታነባ ሳቀች። እና ልብ በል፣ ከሞተሩ ስር ሦስቱ ያንተ ነው፣ አንዱ የኔ።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ እኔ ነኝ የሰረሰርኩት። ንጄሪ እጀታው ላይ እጄን አስተካክላ "አትጫኚ፣ እሷ ራሷ ትወርዳለች" አለችኝ። ያንተ አባባል እንደሆነ ከድምጿ አወቅኩ። ቀናሁ፣ ግን እንዳለችው አደረግኩ። የሰረሰርኩት ያስቀረሁትን ቁራጭ ነው፤ የጋራዡን ቁልፍ አንጠልጥዬበታለሁ። ሁለተኛውን ቁልፍ ለንጄሪ ሰጠኋት። መሰርሰሪያዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ትጀምርባታለች። ምሳዋንም እኔው እቋጥርላታለሁ። ከመስኮት ሳይ አሁን አንድ ጀርባ ነው የማየው፣ ሁለተኛውን እኔ እሞላዋለሁ።

አልረሳህም ማለት ለኔ ቀላል ነው፣ በር በከፈትኩ ቁጥር ቀበቶህ እጄ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ያንን ዘፈን። ከንጄሪ ተምሬ ስሰረስር እዘፍነዋለሁ፣ የኔም እንዲሆን።

በል እንግዲህ፣ ዛሬ ሆሣዕና ነው፣ ሰሙነ ሕማማትን እንለፍ። ዶሮውንም በጉንም እንድትገዛ ለሜሮን ነግሬአለሁ፣ የከሰሰንን ጎረቤት ሳይቀር ጠርቻለሁ፣ ንጄሪም እናቷን ይዛ ትመጣለች። የሚያውቅህ ሁሉ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ፣ ማሽኗ ስትዞር እንዲሰማ የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጓሯችን ይምጣ።