ሽቅብ ስትሄድ ቅል የጣለች ጀልባ

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው መምህሩ የፈተና ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ያሳየ ጊዜ ነው። «ይህን ማን ሠራልሽ? አባትሽ ናቸው?» አለ። ፍኖተ ሰላም የሒሳብ መምህር እንደነበርክ ሰምቷል፤ መሞትህን አልሰማም። ጥቂቶች ሳቁ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። የምጽፍልህ ከቡሬ፣ ከምማርበት ግቢ ነው። እናቴ ደህና ናት። አንተ ታነብበት የነበረውን ክፍል ለአንድ የባንክ ሠራተኛ አከራየችው። ጠረጴዛህ ሳሎን ወጥቷል፤ አሁን የተተኮሰ ልብስ ይቀመጥበታል። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ለመድኩት።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ወንዙን ሽቅብ ከምትቀዝፍ ጀልባ ላይ ቅል ይወድቃል። ጀልበኛው ሳያውቅ አንድ ሰዓት ይጓዝና ዞሮ ይከተለዋል። ከዞረ በኋላ በስንት ሰዓት ይደርስበታል? ጓደኞቼ ለጀልባዋ ፍጥነት አንድ ፊደል፣ ለውኃው ሌላ ፊደል ሰጥተው፣ ሽቅብ ሲሆን ቀንሰው፣ ቁልቁል ሲሆን ደምረው ገጹን ሞሉት። እኔ ውኃው ጀልባዋንም ቅሉንም እኩል ስለሚወስድ በራቀበት ጊዜ ልክ ይመለሳል፤ አንድ ሰዓት ብዬ ጨረስኩ። መልሳችን አንድ ነው። ለእነሱ ሙሉ፣ ለእኔ ግን ስሌት ስላልጻፍኩ «ኮርጀሻል» ተብዬ ዜሮ።

ጀልባ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንተም ይህን ስለምታውቅ ወደ ቡሬ ስንሄድ አውቶቡሱ ውስጥ፣ መተላለፊያው ላይ ኮፍያህን ጥለህ ወደ ሾፌሩ አራመድከኝና መለስከኝ። መኪናው ቢበርም ቢያዘግምም ወደ ኮፍያው የምመለሰው የሄድኩትን ያህል ብቻ ነበር። ረዳቱ «ኧረ መምህር፣ ልጅቷን ያስቀምጧት! ፍሬን ቢይዝ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ሲል «ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንዝ እያሻገርኳት ነው» አልከው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ኮርጄያለሁ ብዬ ይቅርታ ከፈረምኩ ዜሮውን ይዤ እቀጥላለሁ። ካልፈረምኩ ከትምህርት ሊያግዱኝ ይችላሉ። ቄሱ ወንድምህ ትናንት እዚህ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ እንዲያው አጥፍቻለሁ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? መምህርሽ እኮ ነው» አሉኝ። ለክብራቸው ስል መስቀላቸውን ተሳልሜ ሸኘኋቸው። እናቴም እንድፈርም ትፈልጋለች፤ ፈርታ ነው።

አልፈርምም። ጠመኔ እጠይቃለሁ። ወንዙን የፈለጉትን ያህል ያፍጥኑት፣ ጀልባዋን የፈለጉትን ያህል ያዘግዩአት፤ እዚያው ፊታቸው እሠራዋለሁ። ከዚያ የሚወስኑትን ይወስኑ።

አባዬ፣ አልረሳህም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ባየሁ ቁጥር የዚያ አውቶቡስ ወለል ከእግሬ በታች ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ፈተናው ላይ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ከእንግዲህ እኔ ያሰብኩትን ሌላ ሰው አሰበልሽ ሲሉኝ አልቀበልም፤ ያ ሰው አንተ ብትሆን እንኳ።