ለአዲሱ ቤት ያሰፋሁት መጋረጃ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የኔ ጨጓራ ግን በንዴት ተልጧል። ቤቱን ሊሸጥልን የተስማማው ልብስ ሰፊ «ልጄ ከባሏ ተፋታ ከነልጇ መጣችብኝ፤ የት ልጣላት?» ብሎ አልሸጥም አለ። አሁን ነው እንዲህ የሚባለው? ውል ሳንፈርም ወጥ ቤቱን ቀለም ያስቀባሁ እኔ ቂሏ! አባትሽማ «ተይው፣ ችግር ነው» ይላል፤ እሱ ምን አለበት! ደሜ ፈልቶ ሰውዬውን ልሰድበው፣ ለአዲሱ ቤት እሱው ጋ ያሰፋሁትንም መጋረጃ ልወስድ እዚያው ልንገዛው ወደነበረው ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ፣ በአንድ እጇ መስኮቱ ላይ አንሶላ ለመስቀል ትታገላለች። ንዴቴ እንዳለ ነው፤ ግን መጋረጃዬን ሰቀልኩላትና ወጣሁ። በሄድሽበት ደጅ ይከፈትልሽ። አባትሽን «ልክ ልኩን ነገርኩት» ብዬዋለሁና፣ ስትደውይ አደራ እንዳታጋልጪኝ።

እናትሽ